የበሬሳ ውሃና የሲምላው የሒሳብ ሰው

ደብረ ብርሃን ላይ የዘነበው በበሬሳ ወንዝ ወርዶ ጀማ ይገባል፤ ጀማም ዓባይ። ከአንኮበር ገደል በስተምሥራቅ የወረደው ግን ወደ አዋሽ ያቀናል። ዓባይን የመረጠው ውሃ ግብፅ ደርሶ ሲለካ፣ ቁጥሩ ህንድ ውስጥ ሲምላ ለተቀመጠ አንድ እንግሊዛዊ ይላክ ነበር።

ይህ ሰው፣ ጊልበርት ዎከር፣ በ1904 እ.ኤ.አ. የህንድ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤትን ሲረከብ የሒሳብ እንጂ የአየር ጠባይ ባለሙያ አልነበረም። በ1899 እ.ኤ.አ. የህንድ ክረምት ቀርቶ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አልቋልና መንግሥት የሚፈልገው ዝናቡ መቅረቱን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ነበር። ዎከር ከየአገሩ የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገብ ሰበሰበ፤ የዓባይ ሙላትም አንዱ ነው። የዚያ ሙላት ዋና ምንጩ ደግሞ የእኛው ክረምት ነው። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ጸሐፊዎቹ ሁሉን በእጅ አሰሉት። በመጨረሻ የፓስፊክና የህንድ ውቅያኖስ የአየር ግፊት እንደ ሚዛን አንዱ ሲነሣ ሌላው እንደሚወድቅ ደረሰበት።

የዎከር ትንበያ ግን እንደታሰበው አልሠመረም። ምክንያቱን ሳያውቅ ቁጥር ያዛምዳል ብለው የተቹትም ነበሩ፤ በእኔ ግምት ትችቱ ፍትሐዊ ነበር። ምክንያቱን ከኤል ኒኞ (ከፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ መሞቅ) ጋር አያይዞ ያብራራው ያኮብ ብየርክነስ ሲሆን፣ ያም በ1969 እ.ኤ.አ.፣ ዎከር ከሞተ 11 ዓመት በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተቋቋመ። ባለሙያዎቹም የውቅያኖሱን ሁኔታ አይተው ያለፉ ተመሳሳይ ዓመታትን በመፈለግ ወቅቱን ሲተነብዩ ኖረዋል። ኤል ኒኞ ሲመጣ የሰሜኑና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል፤ 2007 ዓ.ም. ለዚህ መራራ ምስክር ነው።

የሰሜን ሸዋ ደገኛ ሐሳብ ግን ከክረምቱ ይልቅ በበልጉ ላይ ነው። ከፍ ባለው ደጋ የክረምት ሰብል ውሃ ይተኛበታል፣ በረዶ ይመታዋል፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ውርጭ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ የበልግ ገብስ ለብዙ ቤት ዋና እህል ነው። በልግ ደግሞ ለኤል ኒኞ ያለው ምላሽ ከክረምት ይለያል፦ ክረምትን የሚያሳሳው የፓስፊክ ሙቀት በልግን ብዙ ጊዜ ያበረታል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፣ በ2007 በልጉም ከድቷል። የህንድ ውቅያኖስ ሙቀትና ከሰሜን የሚዘልቀው የአየር ሞገድ ገብተውበት ነገሩን ያወሳስቡታል።

ትንበያው የሚነገረው «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» ተብሎ ለሰፊ አካባቢ ነው። ዘሩን ይዞ የሚጠብቀው ገበሬ የሚፈልገው ግን ዝናቡ መቼ እንደሚጀምርና በመካከል ስንት ቀን እንደሚቋረጥ ነው፤ እሱን ከወራት በፊት በእርግጠኝነት የሚነግረው የለም።