ከከሰል እስከ ዲ.ኤን.ኤ.፦ በኤክስሬይ የተነበበው ርቀት

በምድጃችን የሚነደው የእንጨት ከሰልና በሕዋሳታችን ውስጥ የሚገኘው ዲ.ኤን.ኤ. ምን ያገናኛቸዋል? ሁለቱንም ዓይነት ቁስ በኤክስሬይ የመረመረች አንዲት ኬሚስት ነበረች፤ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን። በሁለቱም ውስጥ ወደ 0.34 ናኖሜትር የሚጠጋ ርቀት ደጋግሞ ይገኛል።

ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ በመሆኑ የአቶሞችን አደራደር ሊያሳየን አይችልም። ከመዳብ የሚመነጨው ኤክስሬይ ግን የ0.154 ናኖሜትር ሞገድ አለው፤ ይህም ከአቶሞች ርቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። ጨረሩ በናሙናው ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖች በየአቅጣጫው ይበትኑታል። የተበተኑት ሞገዶች በአንዳንድ አቅጣጫ ተደምረው ይጎላሉ፤ በሌላው ይጠፋፋሉ። በብራግ ሕግ መሠረት በ0.34 ናኖሜትር የተራራቁ ንጣፎች ጨረሩን ከመነሻ አቅጣጫው 26 ዲግሪ ገደማ ያዞሩታል። ርቀቱ ሲሰፋ ማዕዘኑ ይጠባል፤ ስለዚህ እንደ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉ ተለቅ ያሉ ነገሮች የሚጠኑት ከጨረሩ አቅጣጫ እጅግ ባልራቁ ማዕዘኖች ነው።

ፍራንክሊን የጀመረችው በከሰል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰልን ቀዳዳዎች አጠናች፤ በ1947 ወደ ፓሪስ ሄዳ የኤክስሬይን ዘዴ ከዣክ ሜሪንግ ተማረች። ከሰል ደንበኛ ክሪስታል ስላልሆነ ጥርት ያሉ ነጥቦችን አይሰጥም፤ የሚሰጠው የደበዘዙ ሰፋፊ ቀለበቶችን ነው። እርሷ ግን ከዚህ ድብዛዜ መረጃ አወጣች። ቀለበቱ በሰፋ ቁጥር በአንድነት የተደራረቡት የካርቦን ንጣፎች ጥቂት ናቸውና። በ1951 ባሳተመችው ጽሑፍ ካርቦኖችን በሁለት ወገን ከፈለች። አንደኛው ወገን እስከ 3000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ንጣፎቹ ተስተካክለው፣ በመካከላቸው ያለውም ርቀት ከ0.344 ወደ 0.335 ናኖሜትር ጠብቦ፣ ግራፋይት ይሆናል። ሌላው ግን በዚያ ሙቀት እንኳ እምቢ ይላል፤ ንጣፎቹ በየአቅጣጫው ተቆላልፈዋል፤ በመካከላቸውም ክፍት ቦታ ይቀራል። የእንጨት ከሰል ከዚህኛው ወገን ነው። ዛሬ በሶዲየም አዮን ባትሪዎች ውስጥ የሚሠራበት ደረቅ ካርቦንም እንዲሁ።

በዚያው ዓመት ወደ ለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተዛወረች። ዊልያም አስትበሪ ቀደም ሲል በ1938 በዲ.ኤን.ኤ. ክር ውስጥ ወደ 0.34 ናኖሜትር የሚጠጋ ድግግሞሽ ለክቶ ነበር፤ ነገር ግን ምስሎቹ የተቀላቀሉ ነበሩ። ፍራንክሊን የአየሩን እርጥበት በመቆጣጠር ደረቁንና እርጥቡን የዲ.ኤን.ኤ. ዓይነት ለየቻቸው። በግንቦት 1952 ከተማሪዋ ሬይመንድ ጎስሊንግ ጋር የተገኘው 51ኛው ፎቶግራፍ የእርጥቡ ዓይነት ነው። በመካከሉ ያለው የመስቀል ቅርጽ ጥምዝ መኖሩን ያመለክታል፤ የመስመሮቹ አቀማመጥ አንዱ ዙር 3.4 ናኖሜትር መሆኑን ይነግረናል። ከላይና ከታች የሚታዩት ጠቆር ያሉ ምልክቶች የ0.34 ናኖሜትሩን ርቀት ይሰጣሉ፤ በአንድ ዙር አሥር ደረጃ ማለት ነው።

ይህ ግን እንደ ተራ ፎቶግራፍ የሚታይ አይደለም። ፊልሙ የሞገዶቹን ጉልበት እንጂ የተነሡበትን ቅደም ተከተል አይመዘግብም፤ ስለዚህ አንድ ሞዴል ታስቦ፣ የሚሰጠው ብተና ተሰልቶ ከልኬቱ ጋር ይነጻጸራል። ጄምስ ዋትሰን ምስሉን በጥር 1953 ያየው ፍራንክሊን ሳታውቅ ነው። የዋትሰንና የክሪክ ሞዴል በሚያዝያ ወር ሲታተም የእርሷም ጽሑፍ በዚያው የኔቸር መጽሔት እትም ወጣ፤ ሆኖም አንባቢው ሞዴሉ በእርሷ ልኬት ላይ ምን ያህል እንደተመሠረተ ከዚያ ሊረዳ አይችልም ነበር። በ1958 በ37 ዓመቷ አረፈች። የኖቤል ሽልማቱ ለዋትሰን፣ ለክሪክና ለዊልኪንስ የተሰጠው በ1962 ነው።

ሁለቱ ርቀቶች የተቀራረቡት ያለ ምክንያት አይደለም። የካርቦን ንጣፎችም ሆኑ የዲ.ኤን.ኤ. ቤዞች ጠፍጣፋ የአቶም ቀለበቶች ናቸው። ደካማ የመሳሳብ ኃይል እርስ በርስ ያቀራርባቸዋል፤ እጅግ ሲቀራረቡ ደግሞ የኤሌክትሮን ደመናዎቻቸው ይገፋፋሉ። ሁለቱ ኃይሎች የሚመጣጠኑት ወደ 0.34 ናኖሜትር በሚጠጋ ርቀት ላይ ነው።