ብዙ የዩኤስቢ ካሜራ በአንድ ኮምፒውተር

ቅዳሴን፣ ሠርግን ወይም የመጽሐፍ ምረቃን በኢንተርኔት በቀጥታ የሚያስተላልፍ ሰው አንድ ካሜራ እንደማይበቃው ቶሎ ይረዳል፤ መድረኩን በሙሉ የሚያሳይ፣ ተናጋሪውን ከቅርብ የሚይዝና ታዳሚውን የሚመለከት እይታ እየተፈራረቀ መቅረብ ይኖርበታልና። ይህን የማፈራረቅ ሥራ በቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያከናውነው ስዊቸር የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፣ በግል ኮምፒውተር ላይ እንደ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ያለ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ሊተካው ይችላል። ካሜራዎቹን ከኮምፒውተሩ ጋር ለማገናኘት ቀላሉ መንገድ የዩኤስቢ ገመድ ነው፤ ይሁንና የመጀመሪያው ካሜራ ያለ እንከን ሠርቶ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሲጨመር ምስሉ ጥቁር ሆኖ መቅረቱ ወይም መቆራረጡ የተለመደ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ባዶ ፖርት ከመፈለግ ያለፈ ዕውቀት ይጠይቃል።

ኮምፒውተሩ ካሜራዎቹን ለይቶ ማወቁ በራሱ ዛሬ እምብዛም አያስቸግርም። ቀደም ሲል እያንዳንዱ አምራች ለካሜራው የተለየ ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ያዘጋጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ዩቪሲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የጋራ ደንብ ከወጣ በኋላ ግን ዊንዶውስም ሆነ ማክ ወይም ሊኑክስ ደንቡን የተከተለ ካሜራን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር መቀበል ችለዋል። የኤችዲኤምአይ መውጫ ያለውን የቪዲዮ ካሜራ ወደ ዩኤስቢ የሚለውጡት ትንንሽ የካፕቸር መሣሪያዎችም ብዙዎቹ በዚሁ ደንብ ስለሚሠሩ፣ በኮምፒውተሩ ዘንድ ከተራ ዌብካም አይለዩም። የሚያስቸግረው የመረጃው ብዛት ነው።

ወርዱ 1280፣ ቁመቱ 720 ፒክስል የሆነ ምስል፣ ለአንድ ፒክስል 2 ባይት ተመድቦ በሰከንድ 30 ጊዜ ሲላክ፣ 55 ሚሊዮን ባይት ያህል፣ ማለትም 442 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውና ብዙ ርካሽ ካሜራዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ በወረቀት ላይ የሚፈቅደው በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፤ ከዚህ ላይ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ለመግባባት የሚወስዱት ሲቀነስ፣ መስመሩ ያልታመቀ የአንድ ካሜራ ምስል እንኳ መሸከም ይሳነዋል። ካሜራዎቹ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው እንደ ፎቶግራፍ አምቀው፣ ኤምጄፔግ በሚባለው ቅርጽ የሚልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ማመቁ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ዩኤስቢ ለዌብካም ቪዲዮ በአብዛኛው የሚሰጠው አገልግሎት በቅድሚያ በሚያዝ ድርሻ ላይ የተመሠረተ ነውና። በዩኤስቢ 2.0 የመስመሩ ጊዜ በየ125 ማይክሮሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 8000 ጊዜ፣ እየተከፋፈለ ይታደላል፤ ካሜራውም ሥራ ሲጀምር በእያንዳንዱ ክፍልፋይ እስከ 3072 ባይት ድረስ ማስያዝ ይችላል። ሙሉው ክፍልፋይ 7500 ባይት ቢሆንም፣ ሌሎች መሣሪያዎች ጨርሶ መተላለፊያ እንዳያጡ ሲባል ለእንዲህ ያለው ይዞታ የሚፈቀደው ከመቶ 80 እጁ፣ ማለትም 6000 ባይት ብቻ ነው፤ እንግዲህ ሁለት ካሜራዎች እያንዳንዳቸው የመጨረሻውን ድርሻ ቢጠይቁ ድምሩ 6144 ስለሚሆን ሁለተኛው ይከለከላል። የተያዘው ድርሻ፣ ትኬት ቆርጦ እንደቀረ መንገደኛ ወንበር፣ ባይሠራበትም ለሌላ ካሜራ አይሰጥም፤ ብዙ ካሜራዎች ደግሞ የታመቀ ምስል እየላኩም ቢሆን ከሚያስፈልጋቸው በላይ ያስይዛሉ። ሊኑክስ በዚህ ጊዜ የሚያወጣው መልእክት በመሣሪያው ላይ ቦታ አልቀረም የሚል ትርጉም ያለው በመሆኑ፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው ሃርድ ዲስኩን ሲያጸዳ ቢውል አይፈረድበትም።

ሀብ የሚባለው ማከፋፈያ ችግሩን የሚፈታ የሚመስለውም እዚህ ላይ ነው፤ ዳሩ ግን ሀብ የሚያበዛው መሰኪያውን እንጂ አቅሙን አይደለም፤ በአንድ ተራ ሀብ ላይ የተሰኩ ዩኤስቢ 2.0 ካሜራዎች ሁሉ ያንኑ 480 ሜጋቢት ይካፈላሉ። ሰማያዊው የዩኤስቢ 3.0 ፖርት በሰከንድ 5 ጊጋቢት ማስተላለፍ ቢችልም፣ ለዩኤስቢ 2.0 የተለዩ የራሱ ሽቦዎች ስላሉት አሮጌው ካሜራ በውስጡ ያው አሮጌ ሆኖ ይቀራል። አስተማማኙ ዘዴ ካሜራዎቹን በተለያዩ ኮንትሮለሮች፣ ማለትም የዩኤስቢውን ትራፊክ በሚመሩት ቺፖች ላይ ማከፋፈል ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለየፖርቱ የራሱ ኮንትሮለር ያለው ካርድ ማዘርቦርዱ ላይ መጨመር ይቻላል፤ አራት ፖርት ኖሮት አንድ ኮንትሮለር ብቻ የያዘ ካርድም ስለሚሸጥ ግን ገዢው ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል። በላፕቶፕ ላይ ምርጫው ጠባብ በመሆኑ፣ ከሩቅ የሚያሳየውን ካሜራ በሙሉ ጥራት ትቶ የሌሎቹን የምስል መጠን ወይም የሰከንዱን የምስል ብዛት መቀነስ ይሻላል።

የኤሌክትሪኩና የገመዱ ነገር አጭር ነው፤ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት 500፣ የ3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ስለሚሰጥ ብዙ ካሜራ የሚሸከም ሀብ የራሱ ኃይል ሊኖረው ይገባል፤ የዩኤስቢ 2.0 ተራ ገመድም ከ5 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ካሜራ በጨመረ ቁጥር ፈጣን ኢንተርኔት ያስፈልጋል የሚለው ግምት ግን ስሕተት ነው። ሶፍትዌሩ ምስሎቹን ተቀብሎ ወደ ተመልካቹ የሚልከው አንድ የተቀናበረ ቪዲዮ ብቻ ስለሆነ፣ ካሜራው አንድም ሆነ አምስት ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው መጠን ያው ነው፤ የሚበዛው ኤምጄፔጉን ከየካሜራው እየፈታ አንዱን ውጤት እንደገና የሚያምቀው ፕሮሰሰር ሥራ ነው።

ሁሉም ካሜራዎች ሠርተውም እርስ በርስ ላይስማሙ ይችላሉ። ኢትዮጵያን ጨምሮ የኤሌክትሪኩ ሞገድ 50 ኸርዝ በሆነባቸው አገሮች፣ ለአሜሪካው 60 ኸርዝ የተስተካከለ ካሜራ በአንዳንድ አምፖሎች ብርሃን ሥር የሚንቀሳቀሱ ጥላማ መስመሮች ስለሚያሳይ፣ ይህ ምርጫ በእያንዳንዱ ካሜራ ላይ መስተካከል አለበት። ድምፅ ደግሞ ከካሜራዎቹ ማይክሮፎን ሳይሆን ከአንድ ምንጭ፣ ለምሳሌ ከአዳራሹ ሚክሰር፣ ቢወሰድ ይመረጣል፤ የየካሜራው ምስል በተለያየ መዘግየት ስለሚደርስም አንድ ሰው በሁሉም ፊት እንዲያጨበጭብ ተደርጎ፣ ፈጣኖቹ ካሜራዎች ከዘገምተኛው ጋር እስኪገጥሙ ድረስ በሶፍትዌሩ በሚሊሰከንድ ይዘገያሉ፤ ድምፁም በመጨረሻ በዚያው ልክ ይዘገያል።