የቲማቲሙ አበባ ለምን ይረግፋል?

ጓሮው ተቆፍሮ፣ ፍግ ገብቶበት፣ ውኃ ከቦይ በጄሪካን ተመላልሶ ቲማቲሙ ያምራል። ቅጠሉ ይለመልማል፣ ቢጫ አበባም ያወጣል። ከዚያ አበባው ከነአንገቱ ይደርቅና ይረግፋል። ፍሬ የለም። አንዱ «ዓይን በላው» ይላል፣ ሌላው ውኃ አንሶት ነው ብሎ ይጨምርለታል፣ ሌላው መርዝ ፍለጋ ይሮጣል። ዱብቲ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የተተከለበት ወር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአበባው ውስጥ ደቃቅ ዱቄት አለ። ፍሬ የሚይዘው ይህ ዱቄት ሕይወት ሲኖረው ነው። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ከ24 ዲግሪ በታች አልወርድ ሲል ዱቄቱ ይበላሻል፣ አበባውም ይወድቃል። በሰኔ የዱብቲ ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሌሊቱንም ታውቁታላችሁ፤ ደጅ ተኝቶ እንኳ ያልባል። ሰው በላብ የሚያድርበት ሌሊት ለቲማቲም አበባም አይሆንም። እንዲህ ባለ ወር በቀን አምስት ጄሪካን ብታፈሱለትም ቅጠል እንጂ ፍሬ አትለቅሙም። ውኃውን የምትሸከመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም ልጅ ናት፤ ድካሟ በከንቱ ይቀራል።

ታዲያ መቼ ይተከል? አፋሮች ዓመቱን በወቅት ከፍለው ስም ሰጥተውታል። ሐጋይ የሚሉት የግንቦትና የሰኔ ሐሩር ነው። ከርማ የክረምቱ ዝናብና የአዋሽ ሙላት ጊዜ ነው። ጊላል ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ቀዝቃዛው ወቅት ነው። ቲማቲም አበባውን በጊላል ማውጣት አለበት። ወደ ኋላ ቁጠሩት፦ ችግኙ በመደብ ላይ 30 ቀን ያህል ይቆያል፣ ከተዛወረ በኋላ አበባ ለማውጣት ሌላ አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ዘሩ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ የአዋሽ ሙላት ሲጎድል ይዘራ። ኅዳር ላይ ይዛወራል፣ ታኅሣሥ ላይ ያብባል፣ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ይለቀማል። ከአዳማ አካባቢ የመጣ ሰው «እኛ እኮ በሌላውም ወር እናመርታለን» ቢላችሁ እውነቱን ነው። ግን የመልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ያለበት መሬት እንኳ ከባሕር ጠለል 1550 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። አዋሽ ወደ እናንተ የሚደርሰው ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ነው፤ አየሩ አንድ አይደለም።

ስለ ዘር ምርጫ። ከዚሁ ከመልካሳ የወጡ ዝርያዎች አሉ። መልካሾላ ለወጥም ለጥሬም ይሆናል። መልካሳልሳ ፍሬው ትናንሽ ነው፤ ስሙ እንደሚለው ለሳልሳ ነው። ማርግሎብ ክብና ለሰላጣ የሚያምር ነው፤ ተክሉ ግን ስለሚረዝም ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። ሮማ ቪኤፍ የሚባለው አጭርና ቁጥቋጦ መሰል ነው። «ቪ» እና «ኤፍ» ጌጥ እንዳይመስሏችሁ፤ ቬርቲሲሊየምና ፉሳሪየም የሚባሉትን ሁለት የሚያጠወልጉ የሥር በሽታዎች ይቋቋማል ማለት ነው። ቬርቲሲሊየም ጥጥንም የሚያጠቃ በሽታ ስለሆነ፣ ተንዳሆን ለመሰለ ለብዙ ዓመት ጥጥ ለተመረተበት አገር እነዚህን ሁለት ፊደላት ማወቅ ይጠቅማል። ለእኔ ለጓሮ የሚሻለው አጭሩና ቅጠለ ብዙው ነው፤ ቅጠሉ ለፍሬው ጥላ ይሆነዋል። በደጋ ቅጠል ይመለምላሉ አሉ ብላችሁ እናንተ እንዳትመለምሉ፤ ፀሐይ ፍሬውን ታቃጥለውና ነጭ ጠባሳ ታወጣበታለች።

ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቀንም አንብቡ። በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ከጥር እስከ ጳጉሜን ለሚውል ቀን 8፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ለሚውል 7 ዓመት ቀንሱ። ጊዜው ካለፈ አትግዙ።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ፤ የዱብቲ ትልቁ ጣጣ ጨው ነውና። አፈሩ ሲደርቅ ፊቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ከወጣ ጨው ነው። ውኃ ሽቅብ ሲሳብ ጨዉን ይዞ ይወጣል፣ ሲተን ጨዉን ትቶት ይሄዳል። ቦይ ለቃችሁ በትልም የምታጠጡ ከሆነ ጨው የሚከማቸው በትልሙ አናት ላይ ነው። ስለዚህ ችግኙን አናቱ ላይ አትትከሉ፤ ጎኑ ላይ፣ ውኃው ከሚደርስበት ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ተክሉ እንዲተርፍ ወይም እንዲሞት የምታደርገው ግን እሷ ናት። አመድ አትጨምሩ፣ ጨዋማውን አፈር ያብሰዋል። የፍየል ፍግ በደንብ ከበሰበሰ ጥሩ ነው፤ ትኩሱ ግን ያቃጥላል።

ማዛወሩ ወደ ማታ ይሁን። በችግኝና በችግኝ መካከል አንድ ክንድ ያህል ተዉ። ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍኑት። ውኃ ለሥሩ እንጂ ለቅጠሉ አይሰጥም፤ መጠኑም አይዘበራረቅ። ተራ ሲደርስ ማጥለቅለቅ፣ ተራ ሲያልፍ ሳምንት ማስጠማት የፍሬውን ታች ያጠቁረዋል። ትል የበላው ይመስላል እንጂ ትል አይደለም፤ ውኃው ሲቆራረጥ ካልሲየም ወደ ፍሬው ስለማይደርስ ነው።

እውነተኛው ተባይ ሌላ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ቱታ የሚባል ቅጠል ሰርሳሪ ትል በአገራችን ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል ገብቶ ይበላል፣ ቅጠሉ የተቃጠለ ይመስላል፤ ፍሬውንም ይበሳል። የጓሮ ቲማቲም ጥቂት ስለሆነ የተጠቃውን ቅጠልና ፍሬ በየሁለት ቀኑ ለቅሞ ማቃጠል ይቻላል። ለጥጥ የተገዛ መርዝ ግን ኧረ በጭራሽ! ፍሬውን ልጆች ከእግሩ ቀጥፈው ነው የሚበሉት። የመርዝ ጄሪካንም ቢታጠብ ለውኃ አይሆንም።

ፍየል አጥር ካላገኘች ሁሉም ነገር ቀረ ማለት ነው። የፕሮሶፒስ እሾህ ጥሩ አጥር ይወጣዋል፤ ነገር ግን ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ አታምጡ። ከብትና ፍየል ፍሬውን በልተው ዘሩን በፍጋቸው ይዘሩታል፤ በቃ ከጓሮ የማይወጣ ጠላት ይሆናል።

ፍሬው ቀላ ማለት ሲጀምር ቀጥፋችሁ ቤት ውስጥ፣ ጥላ ላይ አብስሉት። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ቀዩ ቀለም በደንብ አይወጣም፤ ተክሉ ላይ ቢቆይ ቢጫና ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል።

ለከርሞ ዘር ማስቀረት ለሚፈልግ፦ ድቅል ዘር (ሀይብሪድ የሚባለው) ከሆነ አታስቀሩ፣ ልጁ እናቱን አይመስልም። ከሌላው ግን ከጤናማና ፍሬ ከበዛበት ተክል በደንብ የቀላውን ምረጡ። ዘሩን ከነውኃው በብርጭቆ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀምጡት፤ አረፋ ሲያወጣ እጠቡት፣ ጥላ ላይ በጨርቅ አድርቁት። በወረቀት ጠቅልላችሁ የዝርያውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በእጃችሁ ጻፉበት።