«ኢን ሉ» ማለት «በተጨማሪ» አይደለም!

አንድ የአቃቂ በሰቃ ወጣት ሁለት ዓመት ከሠራበት ፋብሪካ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የስንብት ደብዳቤ ይሰጠዋል። ሠፈር ወስዶ ለጓደኛው ያስነብበዋል። ጓደኝዬውም «የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ፣ በተጨማሪ የአንድ ወር ደመወዝ ሰጥተውሃል፤ ምን አለብህ!» ይለዋል። ልጁ በማግስቱ ማልዶ ሥራ ይሄዳል። ዘበኛው አላስገባውም።

ጉድ የሠራቻቸው «ኢን ሉ ኦፍ ኖቲስ» የምትለው ሐረግ ናት። «ሉ» በኤል፣ አይ፣ ኢ፣ ዩ ነው የምትጻፈው። «ልዩ» እያሉ የሚያነቧትም አሉ፤ ልዩ ጥቅም እንዳትመስላችሁ ብቻ! ከፈረንሳይኛ የመጣች ስትሆን ትርጉሟ «ቦታ» ነው። «ኢን ሉ ኦፍ ኖቲስ» ማለትም «በማስጠንቀቂያው ምትክ» ነው፤ ገንዘቡን ውሰድ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትምጣ። «ሌተና» የሚባለው የጦር ማዕረግም ከዚህችው ቃል ነው የወጣው፤ የአለቃውን ቦታ የሚይዝ። የእኛው «እንደራሴ» ማለት አይደል?

ልጁ ግን ጓደኛውን ከመውቀሱ በፊት ወሩን ይቁጠር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ማስጠንቀቂያው የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዚያ በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። (በከባድ ጥፋት ያለማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ሌላ ነው።) እሱ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ደብዳቤው ላይ ያለው የአንድ ወር ደመወዝ! የሌላው ወርስ? የስንብት ክፍያ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው።

ደብዳቤውን ይዞ የሠራተኛ ማኅበሩን ይጠይቅ። «ደብዳቤው ደርሶኛል» ብሎ ቢፈርም ግድ የለም፤ «ሒሳቤን ጨርሼ ተቀብያለሁ» የሚለው ላይ ግን እጁን ይሰብስብ።