በሙቀት ወራት በቤት ስለሚዘጋጅ የፍራፍሬ በረዶ

ከየካቲት ጀምሮ የክረምቱ ዝናም እስኪጥል ድረስ ባሉት ወራት የፀሐዩ ኀይል በብዙው የሀገራችን ክፍል ይበረታል። በድሬዳዋ፥ በጋምቤላና በአፋር ቈላ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ የአዲስ አበባ ሰው እንኳ በመጋቢት ቀትር ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን ሳያስቀምጡ የሚጠይቁት ቀዝቃዛ ነገር ነው። ከዚህም በላይ የሙቀቱ ወራት ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገናኝ፥ ወተት ባልገባበት መጠጥ የቤተ ሰብን ጥም ማርካት የብዙ እናቶች አሳብ ይሆናል።

የቀደሙት እናቶቻችን ለዚህ መልስ አላጡም ነበር። ተልባውን ቈልተውና ወቅጠው፥ ሱፉን ፈጭተውና አጥልለው፥ በሶውን በጥብጠው ያቀርቡ ነበር፤ እነዚህ መጠጦች ዛሬም ክብራቸው አልጐደለም። በዘመናችን ግን ፍሪጅ በብዙ የከተማ ቤት ስለገባ፥ የአርባ ምንጭና የአሶሳ ማንጎም ሩቅ ገበያ ድረስ ስለሚደርስ፥ ከነዚያ ጎን የፍራፍሬ በረዶ ማዘጋጀት የሚቻል ሆኗል። የፍራፍሬ በረዶ ማለታችን የፍሬ ጭማቂ፥ ወይም የተፈጨ ፍሬ፥ ቀዝቅዞ እኩሌታው ውኃ እኩሌታው በረዶ ሲሆን በብርጭቆ የሚቀርበውን ነው። የሲሲልያ ደሴት ሰዎች ይህን የመሰለውን ግራኒታ ብለው ይጠሩታል።

ስለ አሠራሩ ከመናገሬ በፊት ግን በቤታችን የደረሰውን አንድ ነገር ለአንባቢዎች መንገር ግዴታ መስሎ ታይቶኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ ወር ለልጆቼ የብርቱካን በረዶ ሠራሁላቸው። ልጆቼ የሚጠጡትን ውኃ ሁልጊዜ አፍልቼ የማቀርብ ስሆን፥ ለበረዶው ግን ከበርሜል የተቀዳውን ውኃ እንዲያው ጨመርሁበት። «በረዶ ከሆነ ወዲያ ምን ተሐዋሲ ይተርፈዋል?» የሚል አሳብ ነበረኝ። በሦስተኛው ቀን ታናሹ ልጄ በትኵሳትና በተቅማጥ ታሞ ተኛ። ሐኪሙ የልጁን ዐይን አይቶ፥ ቆዳውንም ቈንጥጦ ከመረመረ በኋላ፥ «ምን ዐይነት ውኃ ይጠጣል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ያለ ፍርሃት፥ «የፈላ ውኃ ነው» ብዬ መለስሁ። በረዶውን ከውኃ ቈጥሬው አላውቅምና ትዝም አላለኝ። «እማማ፥ በረዶውስ?» ብላ ያስታወሰችኝ ታላቂቱ ልጄ ናት።

ሐኪሙ ሕመሙ ከዚያ መጣ ብሎ አልፈረደብኝም፤ ነገር ግን፥ «እመቤቴ፥ ብርድ ተሐዋሲውን ያስተኛዋል እንጂ ሁልጊዜ አይገድለውም፤ በረዶው ሲሟሟ የተኛው ይነቃል» አለኝ። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነትና ሕይወት አድን በሚባለው ንጥረ ነገር ዳነ፤ ቃሉ ግን በልቤ ተጽፎ ቀረ።

ስለዚህ የፍራፍሬ በረዶ የመጀመሪያው ሥራ ማቀዝቀዝ ሳይሆን ማንጻት ነው። የአንጀት ተስቦና ሌሎችም የሆድ ሕመሞች በረከሰ ውኃና ባልታጠበ እጅ ይተላለፋሉ፤ ፍሪጅም ይህን አያስቀርም። ውኃው አስቀድሞ መፍላት ይገባዋል። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ሲሆን፥ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በቈላ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ሲበቃው፥ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ 3 ደቂቃ በእሳት ላይ ማቆየት ይመከራል። ከዚያም በተከደነ ንጹሕ ዕቃ ይቀዝቅዝ። ፍሬው በንጹሕ ውኃ ሳይላጥ ይታጠብ፤ በልጣጩ ላይ ያለው እድፍ በቢላዋው ስለት ወደ ውስጥ ይገባልና። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያ በደንብ ሳይታጠብ ለዚህ ሥራ አይቅረብ። እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ይህ ከተሟላ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። ከብዙው ሦስቱን ብቻ እንገልጻለን።

የሎሚ በረዶ። 1 ሊትር ውኃ አፍልታችሁ፥ ገና ትኵስ ሳለ 150 ግራም ስኳር ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉት። ከቀዘቀዘ በኋላ የ8 ሎሚ ጭማቂ በማጥለያ አጥልላችሁ ጨምሩ። በዝርግ ዕቃ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት እንዲኖረው አፍስሳችሁ፥ ከድናችሁም በፍሪጁ የበረዶ ክፍል አኑሩት። ከ1 ሰዓት በኋላ ዳር ዳሩ መርጋት ሲጀምር በሹካ እየፋቃችሁ ወደ መካከል መልሱት፤ በየግማሽ ሰዓቱም እንዲሁ አድርጉ። በ3 ወይም በ4 ሰዓት ውስጥ እንደ ደቀቀ በረዶ ይሆናል። ይህ ለ8 ሰው ይበቃል።

የማንጎ በረዶ። 3 የበሰሉ ማንጎዎች ልጣችሁና ቈራርጣችሁ፥ ቍራጮቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ በትሪ ላይ አራርቃችሁ ሌሊቱን በበረዶው ክፍል አሳድሯቸው። በማግስቱ ከ1 ብርጭቆ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ፥ ከግማሽ ሎሚ ጭማቂም ጋር በጁስ መፍጫ ፍጩት። ፍሬው ራሱ በረዶ ስለሆነ ሌላ በረዶ አያስፈልገውም፤ ማንጎው በሚገባ ከበሰለም ስኳር አይሻም። በፓፓያና በሙዝም እንዲሁ ይሠራል። ሙዝና አቮካዶ ከተላጡ በኋላ ቶሎ ስለሚጠቍሩ፥ ሎሚ ቢንጠባጠብባቸው መልካቸውን ይጠብቃል።

የሐብሐብ በረዶ። ይህ መፍጫ ለሌለው ቤት የሚስማማ ነው። የሐብሐቡን ሥጋ ፍሬውን ለቅማችሁ በንጹሕ ዕቃ በማንኪያ ጨፍልቁት፤ አጥልላችሁም ጥቂት የዝንጅብል ጭማቂ ጨምሩ። በበረዶ ማውጫው ትሪ አፍስሳችሁ አርጉት፤ ሲቀርብ ሦስት አራቱን እንክብል በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ውስጥ መጨመር ነው።

አሁን «ስኳሩና መፋቁ ስለ ምንድር ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ንጹሕ ውኃ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል፤ ስኳር የገባበት ግን ከዜሮ በታች ካልወረደ አይረጋም። በዚህም ምክንያት ጣፋጩ ጭማቂ እንደ ድንጋይ አይጠነክርም፤ ስኳሩ ፈጽሞ ከቀረ በረዶው ጥርስ የሚሰብር ይሆናል፤ ከበዛ ደግሞ ሳይረጋ ይቀራል። መፋቁ ደግሞ የበረዶው ቅንጣቶች ተያይዘው እንዳያድጉ ያደርጋል። ደግሞም ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ስለሚጨምር፥ ጠርሙስን እስከ አፉ ሞልቶ በበረዶው ክፍል ማኖር ያፈነዳዋል። ስብርባሪውም በልጅ ብርጭቆ ሊገኝ ይችላልና ጥንቃቄ ያሻል።

የበረዶ ክፍል ለሌለው ቤት፥ በረዶ በሚሸጥበት ከተማ የቈየ ዘዴ አለ። በትልቅ ሳፋ 3 እጅ የተሰባበረ በረዶ ከ1 እጅ ጨው ጋር ቀላቅላችሁ፥ ጭማቂውን በተከደነ የብረት ዕቃ አድርጋችሁ በመካከሉ አቁሙት፤ ዕቃውን እያዞራችሁም ውስጡን አማስሉ። ጨው በረዶውን ሲያሟሟው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 20 ዲግሪ ያህል ሊወርድ ይችላል። ናንሲ ጆንሰን የተባለች አሜሪካዊት ሴት በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. የባለመብትነት ማስረጃ ያገኘችበት በእጅ የሚዞር ማርጊያ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ነገር ግን ከገበያ የተገዛው በረዶ ከምን ውኃ እንደ ተሠራ ስለማይታወቅ፥ ከውጭ ሆኖ ያቀዝቅዝ እንጂ ጠብታው ወደ ጭማቂው አይግባ።

በረዶ ፈጽሞ በማይገኝበት አገርም ቢሆን የሸክላ እንስራ አለ። በሸክላው ቀዳዳዎች የሚወጣው ርጥበት በደረቅ ነፋስ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፥ በጥላ የተቀመጠ እንስራ ውኃውን ያቀዘቅዛል። በርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የጭማቂ ጠርሙስም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቢቀመጥ እንዲሁ ይበርዳል። ነፋሱ ደረቅ በሆነ መጠን ይህ ዘዴ የበለጠ ይሠራል።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውና በሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ የቈየው ጭማቂ እንደገና ከማርጋት ይልቅ ቢጣል ይሻላል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ይህም ሆነ ሌላ መጠጥ አይሰጠው፤ ለታናናሾችም እንክብል በረዶ በጕሮሮ ሊሰነቀር ስለሚችል ደቅቆ ይቅረብ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የፍሬ ጭማቂን ያለ ሐኪሙ ምክር አያብዛ። ለጤነኛውም ቢሆን የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው፥ በቀን የሚጨመረው ስኳርና የጭማቂው ስኳር ተደምሮ ከ25 ግራም ባይበልጥ ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው ነው፤ ይህም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከላይ የገለጽነው የሎሚ በረዶ አንዱ ብርጭቆ 19 ግራም ያህል አለውና፥ አንዱ ይበቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የዋለ ሰውም በባዶ ሆዱ በአንድ ትንፋሽ ከመጨለጥ ይልቅ፥ አስቀድሞ ጥቂት ውኃ ቀጥሎም በረዶውን በቀስታ ቢቀምስ ሆዱን አይረብሸውም።

በመጨረሻ አንድ ቃል። ጌታችን በወንጌል ለታናናሾች ስለሚሰጥ ቀዝቃዛ ውኃ በተናገረ ጊዜ ዋጋው እንደማይጠፋ አስተምሮናል። በቀትር በደጃችን የሚያልፍ የቀን ሠራተኛ፥ በበራችን የሚቆም ዘበኛ፥ በወጥ ቤታችን የምትደክም ልጅ፥ ሁሉም ይጠማቸዋል። ልጄ ከዳነ ወዲህ በቤታችን አንድ ሥርዓት ጸንቷል፤ የሚፈላው ማሰሮ አንድ ነው፥ የሚቀዳውም ለሁሉ ከዚያው ነው። ለራሳችን ልጅ የማንሰጠውን ውኃ በበረዶ ሸፍነን ለሌላው ልጅ ብንሰጥ፥ ምጽዋቱ ሕመም ይሆናል። ማሰሮው በጠዋት ይጣድ፤ በቀትር የሚጠማው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅምና።