የቆላ ዝንብ፦ አንዴ ብቻ የምትገናኘው ሴትና መካኑ ወንድ

ከወባ ትንኝ ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት፤ ወንዱ የአበባ ፈሳሽ ቀስሞ ያድራል። የቆላ ዝንብ ግን ከዚህ ይለያል። ወንዱም ሴቷም ከደም ሌላ ምግብ አያውቁም፤ ሁለቱም ገንዲን ከከብት ወደ ከብት ያስተላልፋሉ። በሬው ላይ ያረፈው ዝንብ ወንድ ሆነ ሴት ለበሬው ለውጥ የለውም። ለቁጥጥሩ ሥራ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሁለቱን መለየት አያስቸግርም። ሴቷ ከወንዱ ተለቅ ትላለች። በወጥመድ የተያዘውን ዝንብ ገልብጦ ለሚያይ፣ ወንዱ በሆዱ ጫፍ ላይ እንደ ቁልፍ ክብ ሆኖ ያበጠ አካል አለው፤ በተራክቦ ጊዜ ሴቷን አጥብቆ የሚይዘው በዚህ ነው።

ወንዱ ከብት በሚመላለስበት አካባቢ አድፍጦ፣ ደም ፍለጋ የምትመጣ ሴት ይጠብቃል። ከሩቅ አይመርጥም፤ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ሁሉ ያባርራል። ሴት መሆኗን የሚያረጋግጠው ሲነካት ከገላዋ ላይ በሚያገኘው ኬሚካል ነው። ዕድል ካገኘም ከብዙ ሴቶች ጋር ይገናኛል። እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና በወጣትነቷ አንዴ ተገናኝታ ዘሩን በሆዷ ውስጥ ባለ ማጠራቀሚያ ታኖራለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጠቀመው ከዚያ ነው። በኋላ የሚመጣባትን ወንድ እየተራገጠች ታባርረዋለች።

እንደ ቤት ዝንብ እንቁላል አትጥልም። አንድ እጭ ብቻ በማህፀኗ ይዛ፣ ወተት በሚመስል ፈሳሽ አሳድጋ፣ በየ9 ወይም 10 ቀኑ ትወልዳለች። በዚህ ነገሯ ከዝንብ ይልቅ ላም ትመስላለች። እርባታዋ እንዲህ አዝጋሚ ስለሆነ የሴቶች ሞት ክፉኛ ይጎዳታል፤ በየቀኑ 4 በመቶ ያህል ተጨማሪ ሴቶች ሳይቋረጥ ቢሞቱ ዝርያው ከአካባቢው እስከ መጥፋት ይደርሳል። የወንዶች መሞት ግን ብዙም አይቀንሰውም፤ አንድ ኮርማ ለብዙ ላሞች እንደሚበቃ ሁሉ የቀሩት ወንዶች ሥራውን ይሸፍኑታል።

ወንዱን በጨረር የማምከን ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ በሴቷ ጠባይ ላይ ነው። በማራቢያ ጣቢያ ሴቶቹ ከፑፓቸው የሚወጡት ከወንዶቹ አንድ ሁለት ቀን ቀድመው በመሆኑ መለየቱ ይቀላል። ወንዶቹ በጨረር ይመክኑና ይለቀቃሉ። መካኑ ወንድ ያገኛት ሴት ዘር ተቀብላለች፤ ሌላ ወንድ አትፈልግም፤ ጽንሱ ግን እየሞተ ይቀራል።

በዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት ከ1994 እስከ 1997 (እ.ኤ.አ.) ከ8 ሚሊዮን በላይ መካን ወንዶች በአውሮፕላን ተለቀው የቆላ ዝንብ ከደሴቷ ጠፍቷል። የኢትዮጵያው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ግን ደሴት አይደለም። በቃሊቲ ማራቢያ የሚፈለፈሉት ወንዶች አንድ ሸለቆ ቢያጸዱ እንኳ ከጎረቤት ወንዝ ዳር ሌላ ዝንብ ሊገባ ይችላል።

ሌላው ችግር ፉክክር ነው። በጣቢያ ያደገ ወንድ ከዱሩ ወንድ ጋር ተሻምቶ ሴቷን ማግኘት አለበት። የዱር ወንዶች ከበዙ የተለቀቁት በመካከላቸው ይጠፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በወጥመድ፣ በመድኃኒት በተነከረ ጨርቅና በከብት ጀርባ ላይ በሚፈስ ፀረ-ነፍሳት የዱሩ ዝንብ ቁጥር ይቀነሳል፤ መካኖቹ የሚለቀቁት ከዚያ በኋላ ነው። አርቢው ከብቱን ማስቀባቱን በመሃል ካቋረጠ ዝንቡ መልሶ ይራባል፤ ለመካኖቹ የወጣው ወጪም ይባክናል።

መካን ወንዶችም ደም መጣጮች ናቸውና፣ መለቀቃቸው ገንዲ ያመጣል ብሎ የሚሰጋ አርቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ለዚህ ሲባል ከመለቀቃቸው በፊት አይሶሜታሚዲየም የተቀላቀለበት ደም ይመገባሉ። ይህ አርቢው በገንዲ ጊዜ ለከብቱ የሚያስወጋው መድኃኒት ነው፤ የበሽታው ተሕዋስ በዝንቡ ውስጥ እንዳይራባ ይከላከላል።