ውኃ ለተኛበት ማሳ መድኃኒቱ ዩሪያ አይደለም

በሐምሌ ወር በሞረትና ጅሩ፣ በጃማ ወይም በደምቢያ ሜዳ ያለፈ ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ተዳፋት ላይ የተዘራው ስንዴ ለምልሞ ሲታይ፣ ከሥሩ ባለው ሜዳማ መረሬ ላይ ያለው ግን ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል። ዘሩ አንድ ዓይነት ነው፤ የተዘራበት ሳምንትና የተጨመረለት ማዳበሪያም አንድ ነው። ልዩነቱ የታችኛው ማሳ ላይ ውኃ መተኛቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ቢጫውን ሰብል ያየ አርሶ አደር “ዩሪያ አንሶት ነው” ብሎ ይጨምርለታል። ይሁን እንጂ ውኃው ሳይወጣ የሚጨመር ዩሪያ ገንዘብን ውኃ ላይ እንደ መበተን ነው። አሁን ግንቦት ላይ ስለሆንን፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ስለ ውኃው መውጫ መነጋገር ይገባል።

አፈሩ ሲታፈን

መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ታች መስረግ ስለማይችል ላዩ ላይ ይተኛል። ይህ አፈር በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል፤ ከግማሽ የሚበልጠውም በደጋውና በወይና ደጋው ይገኛል።

በደህና አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መካከል አየር አለ፤ ሥርም የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው። ክፍተቱን ውኃ ሲሞላው፣ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ሥሩና ደቂቅ ሕዋሳት ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ይጨርሷታል። አየር ያጡት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ወደ ናይትሬት ከተለወጠው ማዳበሪያ ላይ መውሰድ ይጀምራሉ። ናይትሮጅኑም ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ አርሶ አደሩ ተበድሮ የገዛው ዩሪያ ሳይታይ ያልቃል።

ሰብሉ ምን ይላል?

ሥር አየር ሲያጣ ውኃና ምግብ መሳብ ያቅተዋል። ሰብሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው። ያለውን ናይትሮጅን ለአዲሶቹ ቅጠሎች ስለሚያሸጋግርም ቢጫነቱ ከታችኞቹ ቅጠሎች ይጀምራል። ጥርጣሬ ካለ አንድ ሁለት አገዳ ነቅሎ ማየት ይጠቅማል። ሥሩ ነጭ ከሆነ ደህና ነው። ከጠቆረና አፈሩ እንደ ተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ግን ማሳው ታፍኗል።

ሰብሎች ይህን የመቋቋም አቅማቸው አንድ አይደለም። ምስር፣ ባቄላና ገብስ ቶሎ ይጎዳሉ፤ ባቄላ በተለይ ሥርን አጥቁሮ በሚያበሰብስ በሽታ ይጠቃል። ጤፍ ይሻላል። የፎገራ አርሶ አደሮች የሚያመርቱት ሩዝ ደግሞ ከቅጠል እስከ ሥር አየር የሚያስተላልፍ ውስጣዊ መንገድ ስላለው ውኃ ውስጥ ያድጋል። ጓያም ርጥበት ይችላል፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሽባ ስለሚያደርግ መተማመኛ አይሆንም።

ዛፍና እንጨትም አይቀርላቸውም። አቮካዶ ውኃ በሚተኛበት ቦታ ከተተከለ ሥሩ በስብሶ ይደርቃል፤ ቀይ ባሕር ዛፍ ግን የተሻለ ይችላል። የአጥር ወይም የጎተራ ምሰሶ ደግሞ የሚበሰብሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ወገቡ ላይ ነው። እንጨት አበስባሹ ሻጋታ ርጥበትም አየርም ይፈልጋልና ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ቦዩ የት ያበቃል?

መፍትሔው ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ካረሱ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ አፈሩን በእጅ እየቆለለ መደብና ቦይ ማውጣትን ከቆየ ልማድ ያውቁታል። ይህን አድካሚ ሥራ ለማቅለል በ1970ዎቹ መጨረሻ ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሁለት ማረሻ በማጣመር በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠራ። ይኸው ዛሬ ቢቢኤም የምንለው ነው። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብ እና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ያወጣል። ውኃው በቦዩ ሲጠነፈፍ ሰብሉ መደቡ ላይ ይተነፍሳል። የክረምቱን ማለፍ ሳይጠብቁ በጊዜ መዝራትም ይቻላል። ቀድሞ የደረሰው ሰብል ከታጨደ በኋላ ርጥበቱ ካልጠፋ ሽምብራ ይደገምበታል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ከማሳው ጠርዝ በኋላ ነው። የላይኛው አርሶ አደር ያወጣው ውኃ የታችኛውን ማሳ ያጥለቀልቃል። የታችኛውም በድንበሩ ላይ አፈር ቆልሎ ይገድበዋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሽማግሌ፣ አልፎም ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። ሁለቱም ቢቢኤም ቢኖራቸው እንኳ የጋራ መውጫ ከሌለ ምርት አያገኙም።

ስለዚህ የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ማሳቸው የሚጎራበት አርሶ አደሮችን ይዘው ዝናቡ ሳይጠነክር ከላይ እስከ ታች በእግር መውረድ ይኖርባቸዋል። ዋናው ቦይ በማን ድንበር እንደሚያልፍና የትኛው ወንዝ ላይ እንደሚያበቃ ያኔ ይወሰን። ቦዩ ቁልቁል በቀጥታ ከወረደ ቦረቦር ስለሚፈጥር አግድም በቀስታ እንዲወርድ ማድረግ፣ መውጫውንም ሣር ማልበስ ያስፈልጋል። የወረዳ ኃላፊዎችም በዕቅዳቸው የተሠራጨውን ቢቢኤም ብቻ ሳይሆን እስከ ወንዝ የደረሰውን የጋራ ቦይም ይቁጠሩ። አርሶ አደሩም ዩሪያውን ከፍሎ፣ ውኃው ከተጠነፈፈ በኋላ ይጨምር።

ይህ ሥራ የሚጠይቀው ዶማ፣ አካፋና የጎረቤት ስምምነት ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ግን መሬቱ ስለሚላቁጥ ለመቆፈርም ለመስማማትም ይከብዳል።